ዐቃብያነ ሐዲድ፦ የባቡር መንገድ ጠባቂዎች ትምህርት ታሪክ

በባቡር ሥርዓት ውስጥ አንድ የሚያስደንቅ ሥልጣን አለ። በመቶ የሚቈጠሩ መንገደኞችን አሳፍሮ የሚገሠግሠውን ባቡር፣ ተሳፋሪው ሹም ይሁን ባለጸጋ፣ ንጉሥም ቢሆን ከነመኳንንቱ ተቀምጦበት እንደ ሆነ፣ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ አንዲት ቀይ ጨርቅ ዘርግቶ «ቁም!» ለማለት የሚችል ሰው አለ፤ ይህም ሰው የኩባንያው ዲሬክተር ወይም የመንገድ ሚኒስትሩ ሳይሆን፣ ድጅኖና መዶሻ ተሸክሞ፣ ፀሓይና ዝናም እየተፈራረቁበት፣ በሐዲዱ ዳር ሲመላለስ የሚውለው፣ በደመወዝም በማዕርግም ከባቡር ሠራተኞች ሁሉ በታች የሚቈጠረው የመንገድ ጠባቂ ነው።

ነገር ግን ሥልጣን ያለ ዕውቀት ዕውር ነው፤ ዕውቀትም ያለ ሥልጣን ልሳኑ የታሰረ ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል በቅጥር ላይ ስለሚቆመው ጕበኛ ሲናገር፣ ሰይፍ ሲመጣ አይቶ መለከት ያልነፋ እንደ ሆነ የሟቹ ደም ከእጁ እንደሚፈለግ ያስተምራል፤ የሐዲድ ጠባቂውም ነገር ከዚህ ምሳሌ አይርቅም፤ ማየትም መንፋትም በአንድነት ይጠበቁበታልና። እነዚህን ሁለቱን፣ ማለት አደጋን ለይቶ ማየትንና ያዩትን ይዞ ባቡርን ማስቆምን፣ ለአንድ ተራ ሠራተኛ በሥርዓት ለማስተማር ከመቶ ዓመት የበለጠ ጊዜ፣ ብዙም ደም ፈጅቷል። የዚህን ትምህርት አመጣጥ ከምንጩ ለመከተል የሚሻ ሰው ባቡር ወደ ተወለደበት ወደ እንግሊዝ አገር መሄድ ግድ ስለሚሆንበት፣ እኛም ከዚያ እንጀምራለን፤ የውጭው አገር ታሪክ ዘመን በአውሮፓውያን፣ የአገራችን ግን በራሳችን አቈጣጠር ተጽፏል።

የእንፋሎት መኪና ከመምጣቱ አስቀድሞ፣ በ18ኛው መቶ ዓመት፣ በእንግሊዝ አገር የድንጋይ ከሰል ማውጫዎች ፈረስ ለሚጐትታቸው ጋሪዎች፣ ጭቃው እንዳይውጣቸው ጠፍጣፋ የብረት ሰሌዳ ይነጠፍላቸው ነበር፤ ይህንንም የሚሠራው ሰው «ሰሌዳ አንጣፊ» ይባል ነበርና፣ ሰሌዳው ቀርቶ ሐዲድ ከተተካ በኋላ እንኳ ይኸው ስም ለመንገድ ጠባቂው ቀረለት። መንገዱ ራሱ ደግሞ «ቋሚው መንገድ» ተባለ፤ እንዲህም መባሉ ተቋራጮች አፈርና ድንጋይ ለማጓጓዝ ለጊዜው ከሚዘረጉት መንገድ ለመለየት ነበር። ስሙ ቋሚ ይባል እንጂ በዚህ ዓለም ከሐዲድ ይልቅ ለመናወጥ የተሰጠ ነገር ጥቂት ነው፤ መንኰራኵር ይቀጠቅጠዋል፤ ሙቀት ይለጥጠዋል፤ ብርድ ይሰበስበዋል፤ ዝናም ከሥሩ ያለውን አፈር ያጥበዋል፤ ስለዚህ ቋሚ ሆኖ የሚገኘው በየቀኑ የሚያቆመው ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

በ1830 ሴፕቴምበር 15 ቀን የሊቨርፑልና የማንቸስተር መንገድ በታላቅ በዓል ሲመረቅ፣ ጆርጅ ስቲፈንሰን የሠራው መንገድ ለዓለም ድንቅ ሆኖ ሳለ፣ ቀድሞ የንግድ ሚኒስትር የነበረው የፓርላማ አባል ዊልያም ሀስኪሰን፣ ባቡሩ ውኃ ሊሞላ በቆመበት ሰዓት ከሠረገላው ወርዶ በጐረቤቱ ሐዲድ ላይ ሲያወጋ፣ «ሮኬት» የተባለችው መኪና ደርሳ እግሩን ስለ ቀጠቀጠችው በዚያው ዕለት ሞተ። የባቡር መንገድ የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነበር፤ ፈረስ ሰው ሲያይ ይሸሻል፣ ጋሪ ይጠመዘዛል፣ ባቡር ግን ከተሰጠው መሥመር ለመውጣት አይችልም፤ ስለዚህ መሸሽ ያለበት ሰው ነው። ታዲያ ዘወትር ሥራው በሐዲዱ ላይ የሆነው ሠራተኛ የሚሸሸው መቼ ነው? የሚሸሸውስ ወዴት ነው? ይህ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ብዙ ዘመን ኖረ።

የመንገድ ጠባቂዎቹ ጓድ አቋም በአብዛኛው አንድ ዐይነት ነበር። ሁለት ሦስት ማይል ርዝመት ያለው መንገድ ለአንድ ጓድ ይሰጣል፤ በጓዱ ላይ አንድ ካቦ ይሾማል፤ ካቦው ወይም ከእርሱ በታች ያለው የታመነ ሰው በየማለዳው ያንን ርዝመት በእግሩ ይሄዳል። ሐዲዱ በብረት ወንበር ላይ ተቀምጦ በእንጨት ሽብልቅ የተያዘ ነበርና፣ በእግሩ የሚሄደው ሰው ረዥም እጀታ ያለው መዶሻ ይዞ የላላውን ሽብልቅ እየመታ ያስገባል፤ ሁለት ሐዲዶች የሚገናኙበትን ማያያዣ ብረትና ብሎኑን ይመረምራል፤ የሁለቱን ሐዲድ ርቀት በመለኪያ ዘንግ ይፈትናል፤ በኩርባው ላይ የውጭው ሐዲድ ከውስጠኛው ምን ያህል ከፍ እንዳለ በውኃ ልክ ያያል፤ ጠጠሩ የሸሸበትን፣ የውኃ መውረጃው የተደፈነበትን፣ አግዳሚው እንጨት የበሰበሰበትን ቦታ በልቡ ይይዛል። ባቡር ሲያልፍ ቆሞ ያዳምጣል፤ ከሥሩ ባዶ የሆነ አግዳሚ በክብደት ሲወርድና ሲመለስ የሚያሰማውን ድምፅ የለመደ ጆሮ ሌላ ምስክር አያሻውም።

ይህ ሁሉ የሚማሩት መጽሐፍ በሌለበት ነበር። በአብነት ትምህርት ቤታችን ደቀ መዝሙሩ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ዜማውን በቃል እንደሚቀበል፣ እንዲሁ ወጣቱ የሐዲድ ሠራተኛ ካቦውን ተከትሎ እየሄደ፣ መዶሻው ጤናማውን ሽብልቅ ሲመታና የበሰበሰውን ሲመታ የሚሰጠውን ድምፅ በጆሮው ይለይ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ካቦው የገዛ አባቱ ነበር። የዚህ ትምህርት ክብሩ ከአንደበት ወደ ጆሮ፣ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ ነው፤ ጕድለቱም ይኸው ነው። አባት ያላየውን አደጋ ልጅ አይማረውምና፤ ካቦው የተሳሳተውን ስሕተት ደቀ መዝሙሩ እንደ ሥርዓት አድርጎ ይቀበለዋልና።

ለማስቆሚያም የሚሆን መሣሪያ አስቀድሞ ተገኝቶ ነበር። በ1841 ኤድዋርድ ካውፐር የተባለ መሐንዲስ፣ ከሐዲዱ ራስ ላይ የሚታሰር፣ መንኰራኵር ሲረግጠው የሚፈነዳ፣ ጥቂት ባሩድ የያዘ ትንሽ ቆርቆሮ አወጣ፤ በጉም ጊዜ ቀይ ጨርቅ የማያይ ነጂ ይህን የሐዲድ ርችት ሰምቶ ይቆማል። ስለዚህ ቀይ ጨርቅና ርችት የጠባቂው መለከት ሆኑ። ነገር ግን መለከትን ማደል ሌላ፣ መቼና የት እንደሚነፋ ማስተማር ሌላ መሆኑ በ1865 በስቴፕልኸርስት በግልጥ ታየ።

በዚያ ዓመት ጁን 9 ቀን፣ ዓርብ፣ በኬንት አውራጃ በአንድ አነስተኛ ድልድይ ላይ ሠራተኞች ያረጁ የእንጨት ተሸካሚዎችን ይለውጡ ነበር፤ ለዚሁም ሁለት ሐዲዶችን ነቅለው ነበር። ከባሕር ወደብ ወደ ሎንዶን የሚመጣው ባቡር መርከብን የሚጠብቅ፣ መርከቧም የባሕሩን ሙላትና ጉድለት የምትጠብቅ ስለ ነበረች፣ ሰዓቱ በየቀኑ ይለዋወጥ ነበር፤ ካቦውም በሰዓቱ መጽሐፍ ላይ የዓርቡን ትቶ የቅዳሜውን መሥመር አነበበ፤ ባቡሩ ገና ሁለት ሰዓት ያህል የቀረው መሰለው። ሕጉ ቀይ ጨርቅ የያዘ ሰው በአንድ ሺህ ያርድ፣ ማለት በ900 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ እንዲቆም ያዝዝ ነበር፤ የተላከው ሰው ግን ርቀቱን በቴሌግራፍ ምሰሶ ቈጥሮ ዐሥረኛው ዘንድ ሲደርስ ቆመ፤ በዚያ ስፍራ ምሰሶዎቹ ከተለመደው ይልቅ ተቀራርበው ተተክለው ነበርና፣ የቆመው በ554 ያርድ ላይ ነበር። ርችትም ተሰጥቶት ሳለ፣ ጉም ካልወረደ በስተቀር እንዳይጠቀምበት ተነግሮት ስለ ነበር፣ በሐዲዱ ላይ አላሰረውም። ባቡሩ ደረሰ፤ ነጂው ቀዩን አይቶ ፍሬን ቢይዝም ርቀቱ አልበቃውም፤ ሠረገላዎቹ ወደ ጅረቱ ወደቁ፤ ዐሥር ሰዎች ሞቱ። ስመ ጥሩ ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ በዚያ ባቡር ነበር፤ ከሞት ተርፎ ቍስለኞችን ውኃ ሲያጠጣ ዋለ፤ ድንጋጤው ግን ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም፤ ከአምስት ዓመት በኋላም በዚያው በጁን 9 ቀን ዐረፈ።

ካቦው ተከሶ ታሰረ። እኛ ግን ይህን ነገር ከፍርድ ቤቱ በር አልፈን ብንመረምረው፣ ጥፋቱ የአንድ ሰው ብቻ አለመሆኑን እናያለን። ዐሥር ምሰሶ ዐሥር መቶ ያርድ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ሰነፍ አይደለም፤ ርቀትን በእግሩ ለክቶ እንዲያረጋግጥ ያስተማረው የለም እንጂ። የሰዓት መጽሐፍ ያነበበው ሰው ከሁለተኛ ዐይን ጋር አላመሳከረም። ርችቱ ለምን እንደሚታሰር የገባው ሰው ቢሆን ኖሮ፣ «በጥሩ አየር አትጠቀምበት» የሚለውን ትእዛዝ ሲሰማ በጠየቀ ነበር። ሕጉ ተጽፎ ነበር፤ ነገር ግን በወረቀት የተጻፈ ሕግ በሰው ልብ ውስጥ ካልተተረጐመ፣ ዘሩ በድንጋይ ላይ የወደቀ ነው።

ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ በስኮትላንድ ሌላ ምስክር ተነሣ። የቴይ ድልድይ በ1879 ዲሴምበር 28 ምሽት በዐውሎ ነፋስ ከነባቡሩ ወደ ባሕር ሲወድቅ፣ ስማቸው ተለይቶ የታወቀው ሟቾች ብቻ 59 ነበሩ። የድልድዩ አነዳደፍና የብረቱ አወጣጥ ብልሹነት በምርመራ ሲገለጥ፣ ከዚያው ጋር የተሰማ አንድ ነገር ለትምህርታችን እጅግ ያሻናል፤ ድልድዩን እንዲጠብቅ የተሾመው ሰው በግንብ ሥራ ያደገ፣ የብረትን ነገር ያልተማረ ሰው ነበር፤ የብረት ማሰሪያዎቹ ላልተው ሲንኳኩ ሰምቶ፣ በገዛ እጁ ቍራጭ ብረት እያስገባ አጠበቃቸው እንጂ፣ ለመሐንዲሱ አላሳወቀም። አየ፤ ግን ያየው ነገር ምን ማለት እንደ ሆነ አላወቀም። ሠራ፤ ግን መለከቱን አልነፋም።

እነዚህ መከራዎች ሠራተኞቹን ራሳቸውን ለመማር አነሣሷቸው። በ1884 የመንገድ ተቆጣጣሪዎችና ካቦዎች የራሳቸውን የትምህርት ማኅበር፣ የ«ቋሚው መንገድ» ማኅበርን አቋቋሙ፤ ይህም ማኅበር እስከ ዛሬ አለ። በየከተማው ቅርንጫፍ አውጥተው በሥራቸው ያዩትን ለባልንጀሮቻቸው በጉባኤ ማንበብ ጀመሩ፤ አንዱ ስለ ኩርባ፣ ሌላው ስለ ውኃ መውረጃ፣ ሌላው ስለ ሐዲድ መገንጠያ አሠራር ጽፎ ያቀርባል፤ የተቀሩት ይጠይቁታል፤ ይከራከሩታል። ከአንደበት ወደ ጆሮ ሲወርድ የኖረው ዕውቀት በዚህ ጊዜ ወደ መጽሐፍ ገባ፤ ካቦው የሚያውቀውን ብቻ ይማር የነበረው ወጣት አሁን አይቶት የማያውቀውን የሌላ አውራጃ ካቦ ስሕተት ሊማር ቻለ። የአንድ ሙያ ትምህርት ቤትነት የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ የራስን ስሕተት ለባዕድ ጆሮ ለመናገር ከመድፈር ነው።

ነገር ግን ሠራተኛው ስለ ተሳፋሪ ሲማር ስለ ራሱ ነፍስ የሚያስብ ሕግ ገና አልነበረም። በዚያ ዘመን በየዓመቱ በመቶዎች የሚቈጠሩ የባቡር ሠራተኞች በሥራ ላይ ይሞቱ ነበርና፣ በ1900 የባቡር ሠራተኞችን ከአደጋ የሚጠብቅ ሕግ በፓርላማ ወጣ፤ በ1902 ከሕጉ የመነጩት ደንቦችም በሐዲድ ላይ ለሚሠሩት ሰዎች፣ ሌላ ሥራ ሳይሠራ የሚመጣውን ባቡር ብቻ የሚጠብቅ አንድ ጕበኛ እንዲቆምላቸው አዘዙ። ይህ ሰው አካፋ አይነካም፤ ድንጋይ አያነሣም፤ ቆሞ ያያል፤ ሲያይም ጥሩምባውን ይነፋል። ጓዱን ለሚከፍለው ሰው ሥራ ፈት ሊመስል ይችል ነበር፤ በሐዲድ ላይ ግን ከዚህ የከበደ ሥራ የለም።

በ1913 ደግሞ ታላቁ የምዕራብ ባቡር ኩባንያ ከአሜሪካ የተማረውን የደኅንነት ንቅናቄ በእንግሊዝ ጀመረ፤ ትእዛዝን ብቻ በመደርደር ፈንታ፣ አንድ ሠራተኛ በፎቶግራፍ ላይ በተሳሳተው አኳኋን ሲቆም፣ ከዚያም በትክክለኛው አኳኋን ሲቆም እያሳየ በትናንሽ መጻሕፍት አሠራጨ፤ ሠራተኛው ማንኛውንም ሥራ ከመጀመሩ በፊት «ይህ ደኅና ነው ወይ?» ብሎ ራሱን እንዲጠይቅም አስተማረ። ማንበብ የማይሆንለት ሰው ሥዕሉን ያያል፤ ሥዕል ማንበብ ለማይችል መጽሐፍ ነውና፤ በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ የተሣለው የቅዱሳን ገድል ለምእመናን ያደረገውን፣ እነዚያ ፎቶግራፎች ለሐዲድ ሠራተኛው አደረጉለት።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ዐይን ሊያየው ስለሚችል ነገር ነው። ነገር ግን በ1911 ኦገስት 25 በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ማንቸስተር በተባለች ከተማ አጠገብ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ 29 ሰዎች ሲሞቱ፣ የተሰበረው ሐዲድ ከውጭ ሲታይ ጤናማ ነበር፤ ስንጥቁ በብረቱ ሆድ ውስጥ ተደብቆ ሲያድግ ኖሮ ነበር። ከዚህ በኋላ በእግር የሚሄድ ጠባቂ ምንም ቢተጋ ብቻውን እንደማይበቃ ታወቀ። ኤልመር ስፔሪ የተባለው የፈጠራ ሰው በ1928 በኤሌክትሪክ ኀይል በሐዲዱ ውስጥ የተሠወረውን ስንጥቅ የሚያገኝ ሠረገላ አስጀመረ፤ ከእርሱም በኋላ የድምፅ ሞገድ መመርመሪያዎች፣ ጠጠሩን የሚወቅጡ፣ የመንገዱን ማዘንበልና መወዛወዝ በወረቀት የሚመዘግቡ መኪናዎች ተከተሉ። ነገር ግን መኪናው የሚሰጠው ምልክት ነው፤ ምልክቱን የሚተረጕመው ሰው ነው። ስለዚህ የመዶሻውን ድምፅ በጆሮ የሚለየው ካቦ ልጅ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ የመመዝገቢያውን መሥመር ማንበብ ተማረ።

ሐዲዱም ራሱ ተለወጠ። ከሁለተኛው ዓለም ጦርነት በኋላ አጫጭር ሐዲዶችን በማያያዣ ብረት ከማገናኘት ይልቅ፣ በብየዳ አያይዞ ማይሎች የሚረዝም አንድ ሐዲድ ማድረግ ተስፋፋ፤ ባቡሩ በየመገናኛው የሚያሰማው የመንኰራኵር ምት ቀረ፤ በምትኩ ግን ስውር ጠላት መጣ። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ በ30 ዲግሪ ቢሞቅና ነጻ ቢለቀቅ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ነጻ ስላልተለቀቀ ግን ያ ኀይል በውስጡ ይታመቃል፤ ጠጠሩ ከላላ አንድ ቀን በቀትር ሐዲዱ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር ሐዲዱ ኀይል ሳይጫነው የሚቀመጥበት ሙቀት 27 ዲግሪ እንዲሆን ተወሰነ፤ ሠራተኛውም በሙቀት ቀን ጠጠር እንዳይነካ፣ ቴርሞሜትር ሳይዝ ሐዲድ እንዳይቈርጥ መማር ሆነበት። በአባቱ ዘመን ጠጠር መቆፈር የጕልበት ሥራ ነበር፤ በልጁ ዘመን የፊዚክስ ትምህርት ሆነ።

የትምህርቱና የመንገዱ እርምጃ እኩል ካልሄደ ምን እንደሚደርስ በ1967 ኖቬምበር 5 ምሽት በሂዘር ግሪን ታየ፤ በሐዲዱ ጫፍ፣ በብሎኑ ቀዳዳ በኩል የተሰነጠቀ ብረት ተሰብሮ 49 ሰዎች ሞቱ። ምርመራው ያገኘው ነገር ባቡሩ የሚሄድበት ፍጥነት ከፍ ብሎ ሳለ የመንገዱ ጥገና ደረጃ ለዚያ ፍጥነት የሚበቃ አለመሆኑን ነው። መኪናውን ለማፋጠን ሞተር መለወጥ ይበቃል፤ ጠባቂውን ለዚያ ፍጥነት ለማብቃት ግን ሰው መለወጥ ያስፈልጋል፤ ይህም ጊዜ ይፈጃል።

ለሠራተኛውም ነፍስ በዚያው ዘመን አንድ መልካም ነገር መጣለት፤ በ1964 በግላስጎ ከተማ፣ ኤሌክትሪክ በገባበት መሥመር ላይ ለሚሠሩት የሐዲድ ሠራተኞች የሚያበራ ብርቱካናማ ሰደርያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጣቸው። ዛሬ በአዲስ አበባ ጐዳና መንገድ የሚጠርጉት እናቶች የሚለብሱት ያ የሚያበራ ልብስ ከሐዲድ ዳር የተነሣ መሆኑን የሚያስታውስ ሰው ብዙ አይገኝም።

ከዚህ በኋላ ወደ መራራው ምዕራፍ እንደርሳለን። በ1990ዎቹ ዓመታት የእንግሊዝ መንግሥት የባቡሩን ሀብት ለግል ኩባንያዎች ሲያከፋፍል፣ መንገዱ ለአንዱ፣ ጥገናው ለሌላው፣ የጥገናውም ሥራ ከእጅ ወደ እጅ ለሌሎች ተቋራጮች ተሰጠ። ጕበኛው በአንድ ቤት፣ መለከቱ በሌላ ቤት፣ የከተማውን በር የሚዘጋው ሰው ደግሞ በሦስተኛ ቤት ሆነ። በ2000 ኦክቶበር 17 በሃትፊልድ አንድ ሐዲድ ባቡር ሲያልፍበት ከ300 በላይ ስብርባሪ ሆኖ ተበተነ፤ አራት ሰዎች ሞቱ። የሚያስለቅሰው ነገር የሐዲዱ መሰነጣጠቅ አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው፤ ተተኪው ሐዲድ ተጓጕዞ ከዚያው አጠገብ ለወራት ተጋድሞ ነበር። የጐደለው ዐይን አልነበረም፤ ዐይን ያየውን ወደ እጅ የሚያደርስ ሥልጣን ነበር። አደጋው ከደረሰ በኋላ በመላው አገር ከ1,200 በላይ በሚሆኑ ስፍራዎች ባቡር ቀስ ብሎ እንዲሄድ ታዘዘ፤ ይህም በእኛ አገር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ነው።

በ2002 ሜይ 10 በፖተርስ ባር የመገንጠያው ብሎኖች ዳዶ ጐድሏቸው ባቡር ሲገለበጥና ሰባት ሰዎች ሲሞቱ፣ ባለፈው ምሽት አንድ የባቡር ሠራተኛ በዚያ ስፍራ ሲያልፍ መንገዱ እንደ ናጠው ተናግሮ እንደ ነበር ታወቀ፤ ነገር ግን ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ተለወጠና የተላኩት ሰዎች የተሳሳተ ቦታ መርምረው ተመለሱ። በ2007 ፌብሩዋሪ 23 በግሬይሪግ ሌላ መገንጠያ ተለያይቶ አንዲት ሴት ስትሞት፣ ከአምስት ቀን በፊት ሊደረግ የታሰበው የእግር ምርመራ ሳይደረግ መቅረቱ ተገኘ። ሦስቱን አደጋዎች ጐን ለጐን ብናቆማቸው የትምህርቱን ሥላሴ እናገኛለን፤ በአንዱ ታይቶ አልተሠራም፤ በሁለተኛው ተነግሮ በትክክል አልተሰማም፤ በሦስተኛው ጭራሽ አልታየም። ማየት፣ መናገር፣ መፈጸም፤ ከሦስቱ አንዱ ሲጐድል ሁለቱ ከንቱ ናቸው። ስለዚህ ከሃትፊልድ በኋላ መንገዱን የተረከበው አዲሱ የመንገድ ድርጅት በ2003 የጥገናውን ሥራ ከተቋራጮች ወስዶ በገዛ ሠራተኞቹ ሊያሠራ ወሰነ፤ ተለያይተው የነበሩት ጕበኛና መለከት እንደገና በአንድ ቤት ተገናኙ።

ዛሬ በእንግሊዝ አገር ማንኛውም ሰው፣ መሐንዲስም ይሁን አካፋ ያዥ፣ ትምህርት ወስዶ ተፈትኖ መታወቂያ ካልተሰጠው በስተቀር ሥራ ላይ ባለ ሐዲድ አጠገብ አይደርስም። የትምህርቱ መጀመሪያ ያችው ሀስኪሰን ሳይማራት የሞተባት ጥያቄ ናት፤ መቼ ልሽሽ? ወዴትስ ልሽሽ? ተማሪው ባቡር ከመድረሱ ከዐሥር ሰከንድ አስቀድሞ ከሐዲዱ ርቆ መቆም እንዳለበት ይማራል፤ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በታች በሚሄድ ባቡር መሥመር አንድ ሜትር ከሩብ፣ ከዚያ በላይ በሆነው ደግሞ ሁለት ሜትር መራቅ አለበት። መሣሪያ ለማስቀመጥና ከሐዲድ ለመውረድ ሌላ ዐሥር ሰከንድ ቢያስፈልገው፣ ጕበኛው ከሃያ ሰከንድ አስቀድሞ ማየት ይኖርበታል፤ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር ደግሞ በሃያ ሰከንድ 1,100 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ እንግዲህ ኩርባ ወይም ጉም ያንን ርቀት የሚከልልበት ስፍራ ሁሉ፣ ጕበኛ ቢቆምም ሥራ አይሠራበትም። በስቴፕልኸርስት ምሰሶ ሲቈጥር የነበረው ሰው ያላገኘው ትምህርት ይኸው ነው፤ ርቀት በዐይን ግምት ሳይሆን በሂሳብ መታወቅ እንዳለበት። በ2019 ጁላይ 3 በዌልስ፣ በማርገም፣ ሁለት ሠራተኞች በባቡር ከተመቱ በኋላ ግን ትምህርቱ አንድ እርምጃ ተሻገረ፤ በሰው ዐይንና በጥሩምባ ብቻ ከመታመን ይልቅ፣ ባቡሩን አቁሞ መሥራት ዋናው ሥርዓት እንዲሆን ተደረገ። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ለጥያቄው የተገኘው መልስ ይህ ነው፤ ሰው ከባቡር ከሚሸሽ ባቡር ለሰው ይቁምለት።

ይህ ታሪክ ለእኛ የባዕድ ታሪክ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ፣ ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም የተጀመረው የምድር ባቡር መንገድ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደ ሆነው ደጋ የሚወጣ፣ ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መሥመር ተዘረጋ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር፤ አግዳሚዎቹ ምስጥ እንዳይበላቸው ብረት ነበሩ፤ ጠላቱም ደራሽ ጐርፍ፣ የበረሃ አሸዋና ከብት ነበረ። በዚያ መንገድ ላይ የኖሩት ካቦዎችና የጓድ ሠራተኞች፣ ጐርፍ የወሰደውን ድልዳል በአካፋ እየመለሱ፣ ያንን ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ ኖሩ። በጥር ወር 1977 ዓ.ም በአዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኛ ባቡር በኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከድልድዩ ወደ ገደል ወድቆ ከ400 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፣ አፍሪካ ያን ያህል ከባድ የባቡር ሐዘን ብዙ አላየችም ነበር። ኩርባ ላይ ያለ ሐዲድ ለታወቀ ፍጥነት ከፍና ዝቅ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ በዳሩ የተተከለው የፍጥነት ሰሌዳም መንገዱን የሠራውና የጠበቀው ሰው ለነጂው የላከው ቃል ነው፤ ቃሉ ሳይሰማ ሲቀር የሚሆነውን በአዋሽ ገደል አየን።

ዛሬ አሮጌው መንገድ አርጅቶ፣ በመስከረም 2008 ዓ.ም የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር፣ በመስከረም 2009 ዓ.ም ደግሞ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መንገድ ተመርቀዋል። የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ሆኗል፤ በጅቡቲው መንገድ ከራስ በላይ 25,000 ቮልት የተሸከመ ሽቦ ተዘርግቷል፤ ሐዲዱም የተበየደ ረዥም ሐዲድ ነው፤ የአዋሽና የአፋር ፀሓይ ደግሞ የእንግሊዝን ፀሓይ አይመስልም። በመጀመሪያ ዓመታት ያስተማሩት ቻይናውያን መምህራን ነበሩ፤ የሀገሪቱ ልጆች ይህን ጥበብ ተቀብለው በገዛ ቋንቋቸው ማስተማራቸው ግን ከሐዲዱ ርዝመት ይልቅ የሚያስፈልግ ነው። ሐዲድ በገንዘብ ከውጭ ይመጣል፤ ጠባቂው ግን ከውጭ አይመጣም፤ በየማለዳው ያንን መንገድ የሚሄድ፣ የዚያን መሬት ጐርፍና የዚያን ሀገር ሙቀት የሚያውቅ ሰው ከዚያው ሀገር መወለድና መማር አለበት።

ታዲያ አንድ የባቡር ድርጅት የሐዲድ ጠባቂዎቹን በእውነት ማስተማሩን ከምን እናውቃለን? ከመማሪያ ቤቱ ስፋት፣ ከመኪናዎቹ ዘመናዊነት፣ ከታደሉት መታወቂያዎች ብዛት አናውቀውም። አንድ ቀን በቀትር አንድ ወጣት ሠራተኛ ሐዲዱ የተጠማዘዘ መስሎት ቀይ ጨርቁን ዘርግቶ ባቡሩን ያስቆማል፤ መንገደኛው ያጕረመርማል፤ ሰዓቱ ያልፋል፤ መሐንዲሱ ደርሶ ቢለካው ሐዲዱ ደኅና ሆኖ ይገኛል። በዚያች ሰዓት አለቃው ለዚያ ወጣት የሚናገረው ቃል የድርጅቱ እውነተኛ ሥርዓተ ትምህርት ነው። ቢገሥጸው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሐዲዱ በእውነት ሲጠማዘዝ ወጣቱ ቆሞ ያመነታል፤ ያም ማመንታት የስቴፕልኸርስትን፣ የሃትፊልድን ሐዘን ይወልዳል። «መልካም አደረግህ፤ ነገም ብትጠራጠር አስቁመው» ብሎ እጁን ቢጨብጠው ግን፣ ከካቦዎቹ የማለዳ ጕዞ እስከ ዛሬው የሂሳብ ትምህርት ድረስ የተደከመበት ነገር ሁሉ በዚያች አንዲት ቃል ተፈጽሟል፤ ያ ወጣትም ጨርቁን አጣጥፎ፣ መዶሻውን አንሥቶ፣ ወደ ሐዲዱ ይመለሳል።